ቀበቶ የታጠቀው ቤት

ግንበኛውን ሰፈሩ የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። በተጋቡ ማግስት አዲሱን አልጋ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ያንን የግንበኛ ውሃ ልክ ከራስጌው ላይ አጋድሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ ደረሰችበት። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ወደ ግራ ሸሽታለች። ሰውዬው ካርቶን አጥፎ ካንዱ እግር ሥር ከተተ፤ አረፋዋ መሀል ገባች።

«አሁን መተኛት ይቻላል» አላት።

«አንተ ሰው፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ውሃ ልኩን?» አለችው እየሳቀች። ይህንኑ ለጎረቤት አወራች፣ ጎረቤት ለሰፈር አወራ፣ በዚያው ውሃ ልክ ሆኖ ቀረ።

እሷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለሰፈሩ «ሰፊዋ»። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ገበያ ደርሳ የምትመለስ፣ ሰው ሲያስተዋውቋት ፊቱን ከማየቷ በፊት የትከሻውን ስፋት የምትገምት ሴት ናት። እሱ የግድግዳ ልክ ያያል፣ እሷ የሰው ልክ ትወስዳለች፤ የማን ልክ ይበልጣል እየተባባሉ ሲነታረኩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ቀረ።

ቤቱን የሠራው ራሱ ነው። ሦስት ክፍልና አንዲት ኩሽና፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ገብተው ሰባት ወር እንደኖሩ፣ ልጃቸው ገና ጡት ሳይተው፣ ውሃ ልክ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተጠራ። እዚያ መሬት ተንቀጥቅጦ ነበርና ፍርስራሽ የሚያነሳ ሰው ይፈለግ ነበር። አሥራ አምስት ቀን ቆይቶ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ አፉ አልተፈታም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰፊዋ ከራሷ በላይ ኳኳታ ሰምታ ብትወጣ፣ ባሏ ጣሪያው ላይ ቁጢጥ ብሎ ምስማር ይነቅላል።

«ምን እየሆንክ ነው?»

«ክዳኑን ላነሳው ነው።»

«ለምን? አበድክ እንዴ?»

ከላይ ሆኖ አያት። «ግድግዳዎቹ እኮ አልተሰባበሩም» አላት። «ተለያዩ። አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ወደቀ። የያዛቸው ነገር አልነበረም። የእኛንም ግድግዳ የያዘው ነገር የለም።»

ክረምት ሊገባ አንድ ሳምንት ነበር የቀረው። ገባም። ሰፊዋ ሕፃኑን አዝላ፣ የስፌት መኪናዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከአልጋው በላይ ሌላ ላስቲክ ወጥራ ሁለት ወር ተኩል ኖረች። «ሰው ቤት ሠርቶ ይገባበታል፤ አንተ ገብተህ ታፈርሳለህ!» ብላ ያልጮኸችበት ቀን የለም። እውነቷን ነው፤ በእሷ ቦታ ማንም ቢሆን ይጮኻል። ጎረቤቱም በበኩሉ አላረፈም። «ውሃ ልክ ቤቱን ራቁቱን አስቀርቶ ምን ሊያለብሰው ነው?» እያለ በአጥር ላይ ይስቃል። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ በግድግዳው አናት ዙሪያውን ብረት ይዘረጋል፣ ብረቱን በሽቦ ያስራል፣ ሣንቃ ይገጥማል። በጣም ሲነዘንዙት ብቻ፣ «ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወርዶ መጣና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ቁጭ አለ። ዝናቡ ከጢሙ ይንጠባጠባል።

«አንቺ፣ ቀበቶ የሚይዘው በምኑ ነው?» አላት።

ተናዳበታለች፤ ግን የሙያ ጥያቄ ሲቀርብላት ዝም ማለት አይሆንላትም። «በማጋጠሚያው ነዋ! ጫፍና ጫፉ ካልተደረበ ቀበቶ ሳይሆን ቁራጭ ቆዳ ነው። ደርበህ፣ ከዚያ በዘለበቱ መቆለፍ ነው።»

«ምን ያህል ልደርብ?»

«ሰውዬው ሲወፍርም ሲከሳም እንዳይፈታ አድርገህ።»

ራሱን ነቀነቀና ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግድግዳው አናት የሚዞረውን ያንን ብረት ያለበት ኮንክሪት «ቀበቶ» እንጂ በሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም። መሐንዲሶች የሚሉት ሌላ ስም እንዳለው ሰፊዋ የሰማችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሰምታም አልተቀበለችውም።

ኮንክሪቱ ፈስሶ፣ ደርቆ፣ ተለስኖ፣ ክዳኑ ተመልሶ ሲያበቃ ሰፊዋ አንድ ነገር አስተዋለች። ባሏ ሱሪውን በሲባጎ አስሯል። በተጋቡ ጊዜ በገዛ እጇ የሠራችለት፣ የነሐስ ዘለበት ያለው የቆዳ ቀበቶ ወገቡ ላይ የለም።

«ቀበቶህስ?»

«ቤቱ ታጥቆታል።»

«እኔ ቀልድ አላማረኝም። የልብስ ሰፊ ባል በሲባጎ ታጥቆ ሲሄድ ሰው ምን ይለኛል?»

በማግስቱም ጠየቀችው፣ መልሱ ያው ሆነ። ለሽቦ መግዣ ሸጦት ነው ብላ ደመደመች። ሌላ ቀበቶ ገዛችለት፤ ነገሩን ግን በሆዷ ያዘችበት። ሲጣሉ አልፎ አልፎ ታነሳበታለች፤ እሱም ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም።

መርሳት የጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። መጀመሪያ የመሣሪያ ስም ጠፋበት፣ ቀጥሎ የገበያው መንገድ፣ ቀጥሎ ሰው። አንድ ጠዋት ሻይ ስታቀርብለት ቀና ብሎ አያትና፣ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ በእኔ ተቸገሩ» አላት። አርባ ዓመት ያህል «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው «እርስዎ» አላት። ሰፊዋ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣች፤ «ኧረ ምንም አይደል፣ ይጠጡ» አለችው። ከዚያ ወዲህ አንቺ ሲላት አንተ፣ እርስዎ ሲላት እርስዎ እያለች ትኖራለች። ምን ታድርግ?

ሌላም አመል አመጣ። ቀበቶ ስታደርግለት ይፈታዋል፤ ከየትም ፈልጎ ሲባጎ ያገኝና በእሱ ያስራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታፍራለች። ትነጥቀዋለች፤ ዘወር ስትል መልሶ አስሮ ታገኘዋለች።

አንድ ያልረሳው ነገር ቤቱን ነው። ቀኝ መዳፉን ከግድግዳው ላይ አሳርፎ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና ይሄዳል፤ ማዕዘን ሲደርስ ቆም ብሎ በጣቶቹ ይዳስስና ይታጠፋል። አምና ልጃቸው ለአንድ ሳምንት ብሎ አፓርታማው ወስዷቸው ነበር፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ንጹሕ ቤት፣ ብርሃን የሞላበት። በሁለተኛው ቀን ሰፊዋ ባሏን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ሁለት መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ሱሪው ርሶ ቆሟል። «ይሄ ግድግዳ የማን ነው?» አላት። ድምፁ የጠፋ ልጅ ድምፅ ነበር። በዚያው ቀን ይዛው ተመለሰች።

ዘንድሮ እነሱም ሰፈር መሬቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅነቅ አለ። ብርጭቆ ከማንቃጨል አላለፈም፤ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ግን ወዲያው ደብዳቤ ላከ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ይኸኛው እንኳ፣ እውነት ለመናገር፣ ጅቡ ገና ከሩቅ ሲያስነጥስ ነው የጮኸው። ደብዳቤው አሮጌ የብሎኬት ቤቶች መንቀጥቀጥን የሚቋቋም ማሻሻያ እንደተደረገላቸው ካልተረጋገጠ ውላቸው አይታደስም ይላል። ከተረጋገጠ ግን ይታደሳል፤ የዓመት ክፍያውም ይቀንሳል።

ልጃቸው አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ልጁ ክፉ አይደለም። በየሳምንቱ መድኃኒት ይዞ የሚመጣ፣ የአባቱን ጥፍር የሚቆርጥ ልጅ ነው።

«እማዬ፣ እነሱ የፈሩትን ቤት እኔ እንዴት አምኜ አስተኛችኋለሁ?» አላት። «ከታደሰ እሰየው፣ ኑሩበት፤ ሁለተኛ አላነሳውም። ካልታደሰ ግን ቤቱ ይሸጥና ወደ እኔ ትመጣላችሁ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባችለት። ምን ብላ እምቢ ትበል? ግን እሱ ከወጣ በኋላ ረጅም ሰዓት ተቀምጣ ያንን ኮሪደር አሰበች።

የማደሻውን ቅጽ ራሷ ሞላችው። «ለአደጋ መከላከያ የተደረገ ማሻሻያ ካለ ይግለጹ» የሚል መስመር ላይ ስትደርስ ደስ አላት። እስክሪብቶዋን ጠበቅ አድርጋ፣ በሚያምር ፊደል፣ «ቀበቶ አለው። ባለቤቴ ነው ያስታጠቀው። በደንብ ተደርቦ የተቆለፈ ነው» ብላ ጻፈች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ ከኢንሹራንስ ነው። የሰሌዳ ቁጥሩን አልሞሉትም።»

«የምን ሰሌዳ?»

«የመኪናዎ። ይኸው ቀበቶ አለው ብለዋል። የኋላ ወንበሩም አለው?»

«የኋላ ወንበር? እኛ ያለን ሶፋ ነው ልጄ።»

«እሺ… የት አገር የተሠራ ነው?»

«ኧረ እዚሁ! ባሌ ነው የሠራው። ባለ ሦስት ክፍል ነው።»

«ባለ ሦስት ክፍል መኪና?»

«ኧረ ወገቤን! ቤት ነው! ቤቱ ነው ቀበቶ የታጠቀው!»

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ፤ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ክፍሉ በሙሉ የሚስቅ ይመስላል። ሰፊዋም ሳቀች። ወረቀቷ «ቀበቶ» የምትለዋን ቃል ተከትሎ ተሽከርካሪ ክፍል ገብቶ ሁለት ሳምንት ሰንብቷል። ሰውዬው ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ ግን ድምፁ ተለወጠ። «እማማ፣ ውሉ የሚያበቃው ዓርብ ነው። መሐንዲስ ሐሙስ እንድትመጣ አደርጋለሁ። ቀበቶ ያሉት ነገር ካልታየ ግን አይያዝልዎትም።» የሰፊዋ ሳቅ እዚያው ቆመ።

ሐሙስ ጠዋት መሐንዲሷ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ሲሚንቶ የጠጣ ወጣት ሴት ናት። ሰፊዋ ጫማውን አይታ ትንሽ ተጽናናች። ልጃቸውም ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል፤ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ባዶ ካርቶኖች ተደርድረው አየች። «ምናልባት ካስፈለገ ብዬ ነው» አላት ዓይኑን ሰብሮ።

«የቤቱ ፕላን አለ?» አለች መሐንዲሷ።

«የለም።»

«ሲሠራ የተነሳ ፎቶግራፍስ?»

«ላስቲክ ሥር ሆኖ ማን ፎቶ ይነሳል?»

«ሲሠራ ያየ ሰው?»

«እኔ አለሁ!»

መሐንዲሷ ፈገግ አለች። «እማማ፣ እርስዎን ምስክር ብዬ ብጽፍ ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ነው የሚሉኝ።» ከዚያ ቁምነገር ያዘች። «ይህ ቤት ቢወድቅ ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ነን። እንዳይወድቅ አድርጎ የሠራ ሰው የእኛን ሸክም ነው ያቀለለልን፤ ውሉ ሊታደስለት ይገባል፣ ቅናሽም ይገባዋል። ግን በዓይኔ ካላየሁ በእርግጠኝነት መጻፍ አልችልም።»

ከቦርሳዋ እንደ ካውያ ያለ መሣሪያ አውጥታ መሰላል ላይ ወጣች፤ በግድግዳው አናትም እየገፋች ሄደች። መሣሪያው ጢጥ አለ፤ ጢጥ ጢጥ እያለ ሳሎኑን ዞረ፣ መኝታ ቤቱን ዞረ።

«ብረት አለ» አለች። «ዙሪያውን አለ።»

«አላልኩም!» አለች ሰፊዋ።

«ብለዋል። ነገር ግን ይህ መሣሪያ ብረት መኖሩን እንጂ መያያዙን አይነግረኝም። ዋናው ማጋጠሚያው ነው። ካልተደረበ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ደንባችን አንድ ቦታ ብቻ ከፍቼ እንዳይ ይፈቅድልኛል። የከፈትነው ቦታ ላይ ማጋጠሚያው ከሌለ ‹አልተረጋገጠም› ብዬ ነው የምጽፈው። የትኛው ማዕዘን ላይ ነው የተደረበው?»

ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ያን ጊዜ እሷ ታች ሆና ትሳደብ ነበር እንጂ ላይ ወጥታ አላየችም። ቤቱ ሙሉ ማዕዘን ነው።

ሦስቱም ወደ ውሃ ልክ ዞሩ። ከግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሱሪውን በሲባጎ ታጥቆ፣ መዳፉን ልስኑ ላይ አሳርፏል። መሐንዲሷ አጠገቡ በርከክ አለች።

«አባባ፣ የላይኛው የኮንክሪት ማሰሪያ ብረቱ የተጋጠመው የት ላይ ነው?»

«እንግዳ መጣ እንዴ?» አለ በደስታ።

«አባዬ፣ ብረቱ!» አለ ልጁ። «ብረቱን የት ጋ ነው የደረብከው? አስታውስ እስቲ!»

ሽማግሌው የልጁን ፊት አየ፣ አየና አዘነ። «እኔ እንጃ ጌታዬ» አለው። ልጁ «ጌታዬ» ሲባል ወደ መስኮቱ ዞረ። መሐንዲሷም ‹አልተረጋገጠም› ብላ ልትጽፍ ወረቀቷን አወጣች።

ያን ጊዜ ሰፊዋ ከባሏ ፊት ተንበረከከች። ሰዎቹ ነገሩን የሚጠሩት በማያውቀው ስም ነው። ብረት፣ ኮንክሪት፣ ማሰሪያ፤ እነዚህ ሁሉ ከጠፉበት ቆይተዋል። ዝናብ ከጢሙ ሲንጠባጠብ የተቀመጠበት ያ ቀን ትዝ አላት።

«ይስሙኝማ» አለችው ቀስ ብላ። «የቀበቶው ዘለበት የት ነው?»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ብድግ አለ። ቀኝ መዳፉን ከግድግዳው ሳያነሳ ሳሎኑን አቋረጠ። የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ቆሞ በጣቶቹ ዳሰሰና «አይደለም» እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። መኝታ ቤት ገባ። ሁለተኛውንም ዳስሶ አለፈው። ሰፊዋ ለአርባ ዓመት ያህል ቁጭ ብላ ከሰፋችበት ማዕዘን ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሲደርስ ቆመና ወደ ላይ አሳየ።

«እዚህ ነዋ» አለ። «ከመኪናዋ በላይ። እሷ የምትውለው እዚህ ነው።»

ልጁ የአባቱን መሮና መዶሻ ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣና ልስኑን መታው። ልስኑ ተሰንጥቆ ሲወርድ አንድ ነገር አብሮ ወረደና ሊሾው ላይ ቅጭል ብሎ ተንከባለለ። ሰፊዋ ጎንበስ ብላ አነሳችው። የነሐስ ዘለበት ነው፤ ከሥሩ ጣት የማታህል የበሰበሰች ቆዳ አለች፣ ቆዳዋ ላይ ደግሞ ክር። ስፌቱን አወቀችው። ሰው የገዛ ስፌቱን አይስትም።

ቤቱ ታጥቆታል ብሏት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ውሸታም ስትለው የኖረችው ሰውዬ እውነቱን ነበር የነገራት።

«ትንሽ ጨምርበት» አለች መሐንዲሷ ከታች። ልጁ አንድ ስንዝር ያህል ኮንክሪቱን ፈለፈለው። ከዚያ እሷ ወጥታ መብራት አበራችበት። ከአንዱ ግድግዳ የመጡት ብረቶች ማዕዘኑ ላይ ታጥፈው ሌላኛው ግድግዳ ውስጥ ገብተዋል፤ ከዚያኛው ከመጡት ጋር ጎን ለጎን ተኝተው በሽቦ ጥብቅ ተደርገው ታስረዋል። በመሣሪያዋ ጫፋቸው የት እንደሚያልቅ ፈለገች፣ ከዚያ ሜትር ጠየቀች። ሰፊዋ ከአንገቷ አውርዳ ሰጠቻት።

«ከሚጠየቀው በላይ ነው» አለች መሐንዲሷ ለክታ ስትጨርስ። «በዚያ ዘመን ይህን የሚያደርግ አልነበረም። ይህን ያህል እንዲደርቡ ማን ነገራቸው?»

«ሰውዬው ሲወፍርም ሲከሳም እንዳይፈታ ነው» አለች ሰፊዋ።

መሐንዲሷ ፎቶ አነሳች፣ ወረቀቷ ላይ «ተረጋግጧል» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ውሉ ነገ ይታደሳል፤ ክፍያውም ከአምናው ያንሳል። ልጁ ከመሰላሉ ወርዶ እጁ ላይ ያለውን አቧራ ሳይጠርግ እናቱን አቀፋት። «ካርቶኖቹን ልጥላቸው ልሂድ» አላትና መሐንዲሷን ተከትሎ ወጣ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ውሃ ልክ ዘለበቱን ከእጇ ላይ አነሳና በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። የተከፈተውን ቀዳዳ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ዘለበቱን መልሶ መዳፏ ላይ አኖረና ጣቶቿን አጥፎ ከደነላት።

«እናቴ፣ ይቺን ይያዙልኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልስኑ እስኪደርስ እርስዎ ዘንድ ትቆይ። ሚስቴ በእጇ የሠራችልኝ ናት፤ ከሷ በላይ አኖራታለሁ። ግን እንዳይነግሩብኝ። አሁን ተቆጥታለች፣ ዝናቡም አስመርሯታል። አንድ ቀን ይገባታል።»

ሰፊዋ ዘለበቱን ጨብጣ ፊቱን አየችው።

«ገብቷታል» አለችው። «አይስጉ፤ ገብቷታል።»

«እንዲያ ነው?» አለ፤ ፊቱ በራ።

ሲመላለስ ሲባጎው ላልቶ ሱሪው ዝቅ ብሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጥቃ ቀበቶ ታመጣ ነበር። አሁን ግን ተንበርክካ ሲባጎውን ፈታች፣ ጫፍና ጫፉን ደረበችና ጥብቅ አድርጋ አሰረችለት። እሱም ልክ እንደሚወሰድለት ሰው ሁለት እጆቹን ከፍ አድርጎ፣ እስክትጨርስ ዝም ብሎ ቆመላት።